19 መያዣ፣ 18 ካሴት፦ የዋሽንግተን የ1987 የውድድር ዘመን በአንድ ካርቶን

ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ከሚነግድ ሰው በ60 ዶላር የገዛሁትን አንድ ካርቶን የቪዲዮ ካሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼ ለመጨረስ ሁለት ወር ያህል ፈጅቶብኛል። በካርቶኑ ውስጥ ያሉት የዋሽንግተን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 የውድድር ዘመን ያደረጋቸው ጨዋታዎች ናቸው፤ 15ቱ የመደበኛው ውድድር፣ 2ቱ ከዚያ በኋላ የሚደረገው የጥሎ ማለፍ (የፕሌይኦፍ)፣ የመጨረሻው ደግሞ የሻምፒዮንነት ጨዋታው ሱፐር ቦውል። ማንነቱን የማላውቀው አንድ ሰው በቤቱ ከቴሌቪዥን እየቀዳ፣ በየመያዣው ጀርባ ላይ የሳምንቱን ቁጥር፣ ቀኑንና ተጋጣሚውን በሰማያዊ እስክሪብቶ እየጻፈ በተራ አስቀምጧቸዋል። ጽሕፈቱ ከመጀመሪያው መያዣ እስከ መጨረሻው አልተለወጠም፤ ይህም ሰውየው የሚሠራውን የሚያውቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልሰነፈ መሆኑን ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ቡድኑ በዚያን ጊዜ የሚጠራበት ስም የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች የሚያዋርድ ነው በሚል ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ በ2020 ተትቷል፤ ከ2022 ጀምሮ ክለቡ የሚታወቀው ኮማንደርስ በሚለው ስም ነው። የካሴቶቹ መያዣዎች የድሮውን ስም እንደያዙ ናቸው፤ እኔ ግን ዋሽንግተን እያልኩ እቀጥላለሁ።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው ይዞታ። ካሴቶቹን ለማየት የሚሠራ የቪዲዮ ዴክ ያስፈልጋል፤ ይህን ዛሬ ከየትም ሱቅ ገብቶ መግዛት ስለማይቻል አጎቴ የሠርጉን ካሴት አያለሁ ብሎ ምድር ቤቱ ውስጥ ካስቀመጠው ዴክ ጋር ታርቄ መክረም ነበረብኝ። የዴኩን የማንበቢያ ራስ በአልኮል ካጸዳሁ በኋላ ከ18ቱ ካሴቶች 15ቱ ያለ ችግር ተጫውተዋል። ሥዕሉ እንደ ማንኛውም የዚያን ዘመን ቅጂ ጠርዙ የደበዘዘ ሲሆን ቀዩ ቀለም ወደ ብርቱካን ያደላል። በሁለቱ ካሴቶች ላይ ድምፁ እየጠፋ ይመለሳል። የአንዱን ጉድለት ደግሞ ቦታው ሲደርስ በዝርዝር እመለስበታለሁ። ማስታወቂያዎቹ አልተቆረጡም፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ገዢ ይኖር ይሆናል፣ እኔ ግን የመኪናውና የቢራው ማስታወቂያ ባይኖር የዘመኑ መልክ ግማሹ ይጎድል ነበር ባይ ነኝ።

በሦስተኛው መያዣ የደረሰብኝን አለመግባባት ሳልናገር ማለፍ ግን ተገቢ አይሆንም። መያዣዎቹ በቁጥር 19 ናቸው፤ ካሴቶቹ ግን 18 ብቻ ናቸው። «ሳምንት 3» የሚል የተጻፈበትን መያዣ ስከፍት በውስጡ ምንም አልነበረም። ሻጩ አንዱን ካሴት አስቀርቶብኛል ብዬ በመደምደም ጠንከር ያለ መልእክት ላክሁለት፤ መልሱ አጭርና ጨዋ ነበር፤ በዚያ ሳምንት በአገሪቱ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ምንም ጨዋታ እንዳልተደረገ አስታወሰኝ። ቀጂው ሰውዬ መያዣውን አስቀድሞ ጽፎበት፣ ጨዋታው ሲቀር ባዶውን በቦታው አስቀምጦት ኖሯል። ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ይህን የምጽፈውም ሌላ ገዢ የእኔን ስህተት እንዳይደግም ነው።

ጨዋታው የቀረው ተጫዋቾቹ ሥራ የማቆም አድማ በመምታታቸው ነው። አድማው የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1987፣ ሁለተኛው ሳምንት በተጠናቀቀ ማግስት ሲሆን ለ24 ቀናት ቆይቷል። በጂን አፕሾው የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር ያነሳቸው ጥያቄዎች ጡረታንና ዋስትና ያለው ውልን የሚጨምሩ ቢሆኑም የነገሩ እምብርት አንድ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ወደፈለገው ክለብ የመዛወር መብት ነበር። በጽሑፍ ደረጃ መዛወር የተፈቀደ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ነባሩ ክለብ የቀረበውን ዋጋ እኩል ከፍሎ ተጫዋቹን የማስቀረት፣ ካልሆነም ከወሳጁ ክለብ የድራፍት ምርጫዎችን (አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ ዕድልን) በካሳ የመቀበል መብት ስለነበረው ደፍሮ የሚወስድ አልተገኘም። በር አለ፣ ቁልፉ ግን በቀጣሪው ኪስ ነው። የዋሽንግተንን ታሪክ ለሚከታተል ሰው የሚገርመው፣ አድማው ከተበተነ ከጥቂት ወራት በኋላ በ1988 የቺካጎውን ተከላካይ ዊልበር ማርሻልን በዚሁ ሥርዓት አስፈርሞ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን በካሳ የከፈለው ያው የዋሽንግተን ክለብ መሆኑ ነው።

አድማ ለሊጉ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1982 ተጫዋቾቹ ለ57 ቀናት ሥራ አቁመው የውድድር ዘመኑ ወደ 9 ጨዋታዎች ወርዶ ነበር፤ ያን ዓመትም ዋንጫውን የወሰደው ዋሽንግተን ነው፤ ማያሚን 27 ለ17 አሸንፎ። ባለክለቦቹ ከዚያ የተማሩት ሜዳው ባዶ ከሆነ የቴሌቪዥኑ ገንዘብም እንደሚቀር ነው። ስለዚህ በ1987 አንድ ሳምንት፣ ማለትም 14 ጨዋታዎችን፣ ብቻ ሰርዘው ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በየክለቡ ተተኪ ተጫዋቾችን አሰልፈው ውድድሩን ቀጠሉ። ውጤቱም እንደ ማንኛውም ጨዋታ በሰንጠረዡ ላይ ተመዘገበ። እንግዲህ በካርቶኑ ውስጥ በጣም ዋጋ ያላቸው ካሴቶች በእኔ ግምት የሱፐር ቦውሉ ሳይሆን «ሳምንት 4»፣ «ሳምንት 5» እና «ሳምንት 6» የሚሉት ሦስቱ ናቸው። የሱፐር ቦውሉን ማንም ያገኘዋል። እነዚህን ሦስቱን ከነማስታወቂያቸው ሙሉውን ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው ግን ብዙ አይመስለኝም፤ አድማ ሰባሪ የሚባል ቡድን ሲጫወት ለማየት ካሴት የሚያባክን ማን ነው?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካሴቶች በአጭሩ ላንሳቸው። መስከረም 13 ቀን፣ እኛ 1980 ዓ.ም. ብለን አዲሱን ዓመት በተቀበልን ማግስት፣ ዋሽንግተን በሜዳው ፊላደልፊያን 34 ለ24 አሸንፏል። የቡድኑ ቀዳሚ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውርና ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች) ጄይ ሽሮደር ትከሻው ተጎድቶ ሲወጣ የገባው ተጠባባቂው ዳግ ዊሊያምስ ነው። ይህን ካሴት ሲያዩ የሚመጣውን ስለሚያውቁ ሰውዬው ኮፍያውን አጥልቆ ወደ ሜዳ ሲሮጥ ትንሽ ቀና ብለው መቀመጥዎ አይቀርም። በቀጣዩ ሳምንት አትላንታ 21 ለ20 አሸነፈ። ከዚያ ባዶው መያዣ ይመጣል።

«ሳምንት 4»፣ ጥቅምት 4 ቀን። ተጋጣሚው ያኔ በሴንት ሉዊስ የነበረው ካርዲናልስ ነው። የዋሽንግተን ስታዲየም አርኤፍኬ ወደ 55 ሺህ ሰው የሚይዝ ሲሆን ከ1966 ጀምሮ ትኬቱ አስቀድሞ ተሽጦ የሚያልቅ፣ ወረፋ የሚጠበቅበት ሜዳ ነበር። በዚያ ቀን የገባው ሰው 27,728 ነው። ካሜራው ከፍ ሲል የሚታየው ግማሽ ባዶ ወንበር ነው። አርኤፍኬ የሚታወቀው ከታች ያለው ተንቀሳቃሽ መቀመጫ ተመልካቹ አብሮ ሲዘል ስለሚወዛወዝ ነበር፤ በፊላደልፊያው ካሴት ላይ ካሜራው ራሱ ሲናወጥ ይታያል። በዚህኛው ግን ሥዕሉ ጸጥ ያለ ነው፤ አንድም ጊዜ አይነቃነቅም። በዚያን ዘመን ታክሲ ይነዳ የነበረው አጎቴ አብሮኝ ሲያይ «እሁድ እሁድ ኢስት ካፒቶል መንገድ መኪና አያሳልፍም ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ደርሼ ተመለስኩ» አለኝ።

ጨዋታው ራሱስ? ከጠበቅሁት በላይ ነው። ኳርተርባኩ ኤድ ሩበርት ከሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ተጫዋች ነው። ተቀባዩ አንተኒ አለን በአንድ ከሰዓት በተቀበላቸው ኳሶች 255 ያርድና 3 ታችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የግብ ክልል በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስመዘገበ፤ 255ቱ ያርድ የክለቡ የአንድ ጨዋታ ሪከርድ ሆነ። ስማቸው በመዝገብ የሰፈረ ታላላቅ ተቀባዮች በነበሩት ክለብ ውስጥ ሪከርዱን የያዘው ተተኪ መሆኑን ሳስብ ካሴቱን ሁለት ጊዜ ወደኋላ መልሼ አየሁት። እርግጥ ነው፣ ተከላካዮቹም ተተኪዎች ነበሩ፤ ከኋላ የሚተዉት ቦታ ሰፊ ነው፣ አንዳንዱ ሩጫ ለሠፈር ጨዋታ የሚቀርብ ነው። ይህን የሚክድ ሰው ካሴቱን አላየውም። ቢሆንም ኳሷ በአየር ላይ ሳለች እጁን የሚዘረጋው ሰው ሰኞ ወደ ሌላ ሥራው ሊመለስ እንደሚችል እያወቀ የሚዘረጋው እጅ ስለሆነ ለማየት የተለየ ጉጉት ይፈጥራል። ዋሽንግተን 28 ለ21 አሸነፈ።

ለዚህ ቡድን ጥራት ሊመሰገን የሚገባው ቻርሊ ካሰርሊ ነው። በዋና ሥራ አስኪያጁ በቦቢ ቤታርድ ሥር ይሠራ የነበረው ካሰርሊ ሌሎች ክለቦች አድማው በቀላሉ ይፈታል እያሉ ሲጠብቁ ተጫዋች እያፈላለገ ስም ሲመዘግብ ነበር። አሠልጣኙ ጆ ጊብስም ጨዋታው በሰንጠረዥ የሚቆጠር እስከሆነ ድረስ እንደ ማንኛውም ጨዋታ ተዘጋጅቶበታል። ይህን በካሴቱ ላይ በግልጽ ያዩታል፤ ዋሽንግተን አስቀድሞ የተለማመደበት ነገር ያለው ይመስላል፣ ተጋጣሚው ግን ትናንት የተዋወቀ።

የዕቃው ዋና ጉድለት ያለው «ሳምንት 5» ላይ ነው። ጥቅምት 11 ቀን ዋሽንግተን የሄደው በጥር 1987 ሱፐር ቦውልን ወደወሰደው ወደ ኒው ዮርክ ጃይንትስ ሜዳ ነው። ውጤቱ 38 ለ12 ነው፤ ግን እኔ የማውቀው ከመዝገብ እንጂ ከካሴቱ አይደለም፤ ካሴቱ በሦስተኛው ሩብ መሃል ድንገት ወደ ነጭ ጭረት ይለወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ካሴቱ ጊዜ አልቆበት አይመስለኝም፤ ሰውየው ውጤቱ ሲሰፋ አንገሽግሾት ቁልፉን የተጫነ ይመስለኛል። የሚያስቆጨው ግን ይህ ካሴት ለማየት ብቻ ሳይሆን ለማዳመጥም የሚሆን መሆኑ ነው። ከ70 ሺህ በላይ ሰው ይይዝ በነበረው በዚያ ስታዲየም የተገኘው 9,123 ሰው ነው። ሕዝቡ እንዲህ ሲሳሳ ከጎን የሚጮኸው አሠልጣኝ፣ የትከሻ መከላከያ ሲጋጭ የሚሰጠው ድምፅ፣ አንድ ብቻውን የሚያፏጭ ተመልካች ሁሉ ለብቻው ተለይቶ ይሰማል። ሻጩ ስለ ካሴቱ መቆረጥ በማስታወቂያው ላይ አልገለጸም ነበር፤ ይህ በእርሱ በኩል ያለ ጉድለት ነውና ከዋጋው ላይ መቀነስ የሚገባው ይመስለኛል። ስጠይቀው 5 ዶላር መለሰልኝ።

በነገራችን ላይ በሌሎች ከተሞች የነበረውን ሁኔታ ሲያነጻጽሩት የዋሽንግተን ሕዝብ ብዙም አልከፋም። የሠራተኛ ማኅበር ጠንካራ በሆነባት ፊላደልፊያ የጭነት መኪና ነጂዎች ማኅበር አባላት ስታዲየሙን ከብበው ስለነበር ጥቅምት 4 ቀን ከቺካጎ ጋር በተደረገው ጨዋታ የተገኘው ተመልካች 4,074 ብቻ ነበር። የፊላደልፊያው አሠልጣኝ በዲ ራያን ደግሞ ለራሱ አድመኞች ማድላቱን አልደበቀም፤ ተተኪዎቹ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈዋል። ይህን አስታውሱት፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ «ሳምንት 6»። ካርቶኑን ለዚህ አንድ ካሴት ብዬ ብቻ ብገዛው 60 ዶላሩ አይቆጨኝም ነበር። ቀኑ ሰኞ ጥቅምት 19 ነው፤ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ በአንድ ቀን 508 ነጥብ የወደቀበት ያ ሰኞ። አድማው ከ4 ቀናት በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ አብቅቷል፤ ነገር ግን ባለክለቦቹ ለዚያ ሳምንት ጨዋታ ለመሰለፍ እስከ ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት መመለስ አለባችሁ የሚል ገደብ አስቀምጠው ስለነበር ሐሙስ የተመለሱት ተጫዋቾች በደጅ ቀሩ። ስለዚህ አድማው ራሱ ሞቶ ሳለ ተተኪዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰለፉ። ቦታው ዳላስ፣ ጨዋታው መላው አገር የሚያየው የሰኞ ምሽት ጨዋታ፣ አስተላላፊዎቹ አል ማይክልስ፣ ፍራንክ ጊፎርድና ዳን ዲርዶርፍ።

የምሽቱን ክብደት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከዋሽንግተን ተጫዋቾች አድማውን ሰብሮ የገባ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከሊጉ 28 ክለቦች እንዲህ የሚባልለት ዋሽንግተን ብቻ ነው። በዳላስ በኩል ግን የክለቡ ፕሬዚዳንት ቴክስ ሽራም፣ ተተኪ የማሰለፉ ሐሳብ ዋና አቀንቃኝ የነበረው ሰው፣ ለአንዳንድ ታላላቅ ተጫዋቾቹ ካልተመለሱ በውላቸው ውስጥ ያለውን የወደፊት ክፍያ ሊያጡ እንደሚችሉ አሳውቆ ስለነበር ቶኒ ዶርሴት፣ ራንዲ ዋይት፣ ዳኒ ዋይትና ኤድ ጆንስ ወደ ሜዳ ተመልሰው ነበር። እንግዲህ በአንዱ ወገን ዝናቸው የገነነ ሰዎች ያሉበት ቡድን፣ በሌላው ወገን ሙሉ በሙሉ ተተኪ ነው የቆመው። ስታዲየሙም ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይዟል፤ ከጃይንትሱ ባዶ ሜዳ በኋላ ይህን ካሴት ሲከፍቱ የሕዝቡ ድምፅ ጆሮ ይመታል።

ገና በመጀመሪያው ሩብ ሩበርት ተጎድቶ ወጣ። የገባው ቶኒ ሮቢንሰን ነው፤ ለቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተና ተስፋ የተጣለበት የነበረ፣ ከዚያ በዕፅ ወንጀል ተፈርዶበት ከእስር በፈቃድ ወጥቶ የተሰለፈ ሰው። ለረጅም ጊዜ ሜዳ ያልረገጠ ሰው በዳላስ፣ በሰኞ ምሽት፣ በራንዲ ዋይት ፊት። ሲቆም እግሩ ትንሽ ይርበደበዳል፤ ኳሱን ሁለት ጊዜም አስነጥቋል። ግን በእጁ ያለው ነገር በአንድ ሁለት ውርወራ ብቻ ይታያል፤ ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። በሩጫው ሊዮኔል ቫይታል ከመቶ ያርድ በላይ ሄዷል። ኳስ በእግር የሚመታው ደግሞ የናይጄሪያው ተወላጅ ኦቤድ አሪሪ ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድ የአህጉራችን ልጅ በማየቴ ያለ ምክንያት ደስ ማለቱን አልሸሽግም።

የዳላስ ተመልካች የራሱን ኳርተርባክ ዳኒ ዋይትን ሲያንቋሽሽና ባለፉት ሳምንታት የተጫወተውን ተተኪውን ኬቨን ስዊኒን ስጡን እያለ ሲጮኽ ይሰማል። የገዛ ኮከቡን ጠልቶ ተተኪውን የሚጠራ ሕዝብ ነው። አስተላላፊዎቹም ይህን እንዴት እንደሚይዙት ግራ የገባቸው ይመስላሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ይላሉ፣ ያ ዝምታ ከንግግራቸው የበለጠ ይናገራል። ዋሽንግተን 13 ለ7 አሸንፎ ወጣ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አጎቴ፣ ውጤቱን ከ30 ዓመት በላይ የሚያውቀው ሰው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ተተኪዎች ተሰናበቱ፤ አንተኒ አለንን የመሰሉ ጥቂቶች ቀሩ። ለሦስቱ ድላቸው የሻምፒዮንነት ቀለበት የተሰጣቸው በ2018 ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ስለዚህ የውድድር ዘመን ሲወራ ዘወትር የሚደገም አባባል አለ፤ ተተኪዎቹ ባይኖሩ ዋሽንግተን ዋንጫውን አይነካም ነበር የሚል። ካሴቶቹን ከጨረስኩ በኋላ ወረቀት አውጥቼ አሰብኩት። ዋሽንግተን 11 አሸንፎ 4 ተሸንፎ ጨረሰ፤ ሦስቱን የተተኪዎች ድል ብናወጣ 8 ድልና 4 ሽንፈት ይቀራል። ነባሮቹ ብቻ ሲቆጠሩ በምድቡ የቅርብ ተፎካካሪ የሚሆነው ፊላደልፊያ በ7 ድልና 8 ሽንፈት ጨረሰ፤ የተተኪዎቹን ሦስት ሽንፈት ብናወጣለት 7 ለ5 ይሆናል። ስለዚህ ነባሮቹ ብቻ ቢቆጠሩም ምድቡን የሚያሸንፈው ዋሽንግተን ነው፤ ግን በአንድ ጨዋታ ልዩነት ብቻ። የተተኪዎቹ ሥራ እንግዲህ ዋንጫ ማምጣት ሳይሆን ትንፋሽ መስጠት ነው፤ ጊብስ ከኅዳር በኋላ በየሳምንቱ ፊላደልፊያን ዞር ብሎ ማየት አላስፈለገውም። ይህ አባባሉን ቢያሳንሰውም የእነርሱን ድርሻ አያሳንስም። ለባለፈው ዓመት ሻምፒዮን ለጃይንትስ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሦስቱንም በተተኪ ተሸንፎ በ6 ድልና 9 ሽንፈት ዓመቱን አጠፋ።

የቀሩትን የመደበኛ ውድድር ካሴቶች በተከታታይ ማየት አልመክርም፤ ልብ ያደክማሉ። ነባሮቹ በተመለሱበት በጥቅምት 25 ጨዋታ ጄትስን ያሸነፉት 17 ለ16 ነው፤ የእግራቸው ዝገት ያስታውቃል። የዓመቱ 4 ሽንፈቶች በሙሉ ሲደመሩ የነጥብ ልዩነታቸው 11 ብቻ ነው፦ ከአትላንታ 1፣ ከፊላደልፊያ 4፣ ከሎስ አንጀለስ ራምስ 4፣ ከማያሚ 2። የሥራ ቀን ማታ ብቻውን ለሚያይ ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ እንቅልፍ ይነሳል።

የፕሌይኦፎቹ ካሴቶች በጥራት ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። በቺካጎ 21 ለ17 ባሸነፉበት ጨዋታ ተከላካዩ ዳሬል ግሪን ተጋጣሚው በእግር የመታውን ኳስ ተቀብሎ 52 ያርድ ሲሮጥ፣ በሚኒሶታው ጨዋታ ደግሞ በመጨረሻው ቅጽበት በግቡ መስመር ላይ ያንን ኳስ ሲያስጥል፣ ቴፑ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ የለም። ጊብስ ለእነዚህ ጨዋታዎች የመረጠው ዊሊያምስን ነው።

የሱፐር ቦውሉን ካሴት፣ ጥር 31 ቀን 1988፣ ሳንዲዬጎ፣ አብዛኛው ሰው ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ዴንቨር 10 ለ0 መራ፤ ዊሊያምስ ጉልበቱ ዞሮበት ለአጭር ጊዜ ወጣ፤ ተመለሰ። በሁለተኛው ሩብ ከ80 ያርድ ለሪኪ ሳንደርስ ከወረወራት ጀምሮ 4 ታችዳውን ወረወረ፤ ቡድኑ በአንድ ሩብ 35 ነጥብ አስቆጠረ። 42 ለ10። ቲሚ ስሚዝ 204 ያርድ ሮጠ። ዊሊያምስ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክና የጨዋታው ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ይሁን እንጂ ይህን ካሴት ከሌሎቹ በኋላ የሚያይ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል፤ በሜዳው ላይ ከሚጨፍሩት አብዛኞቹ ከጥቂት ወራት በፊት ደሞዛቸውን ትተው በደጅ የቆሙ፣ አንዱም ያልከዳ ቡድን ናቸው። ጥያቄያቸው ግን ያን ዓመት አልተመለሰም። ማኅበሩ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ፣ በ1992 በሚኒያፖሊስ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ከፈረዱ በኋላ ነው በ1993 የመዛወር ነጻነት በሊጉ የጸናው፤ ያኔ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ጫማቸውን ሰቅለዋል።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ አይገዛ? የአሜሪካ ፉትቦል ሕግ ለማያውቅ ሰው 18 ካሴት ብዙ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ሻጩ ለየብቻ ከቆረጠለት የዳላሱን ካሴትና የሱፐር ቦውሉን ብቻ እንዲወስድ እመክራለሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት የኖረ፣ ወይም በቤቱ አርኤፍኬ ሲናወጥ የሰማ ታላቅ ያለው ሰው ግን ሙሉውን ቢገዛ አይጸጸትም። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የወሰደው የጃይንትሱ ካሴት ነው። ዋጋውን ከመክፈልዎ በፊት «ሳምንት 5» እስከ ፍጻሜው ይጫወት እንደሆነ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ዴኩንም ከቅጂው በፊት ያፈላልጉት፤ ካሴት ያለ ዴክ መጋረጃ ያጣ መስኮት እንኳ አይጋርድም። ሦስተኛው መያዣ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት ደግሞ በዚያው ይተዉት፣ ለሻጩ አይጻፉ።